ከበሩ ጀርባ ያለው ንጉሥ

ሊዮን፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ መኪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህች ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ሱቅዎንም በሙሉ ዕቃ እንድታገኝ ዱዓዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ብርዱ ገና ሳይገባ ሁለት ሹራብ በመደረቤ ሰው ከሚስቅብኝ በስተቀር አንዳች የጎደለብኝ የለም።

በወይንሸት እጅ የላኩልኝ ጥቅል ደረሰኝ። አስተናጋጅ የሆነችበት አውሮፕላን ፓሪስ ባሳረፋት ዕለት ፖስታ ቤት ወስዳ ልካልኛለች፤ ለእናቷ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሙሉነሽ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። በርበሬው ገና ሳይፈታ ነው ያስነጠሰኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እትዬ፣ ጥቁር አዝሙዱን የጠቀለሉበት ወረቀት ከየት የመጣ ነው? እንደሚያውቁት የምሠራው ሙሴ ኤሚል ከሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ነው። እሳቸው የጥንት መጽሐፍ ይሸጣሉ፤ እኔ ሣጥን እሸከማለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ የተቀደደ የመጽሐፍ ቅጠል እለጥፋለሁ። ትናንት ለምሳዬ ጥቅሉን ስፈታ ሙሴ ኤሚል ከኋላዬ መጥተው ወረቀቱን ከእጄ መነተፉት። አዝሙዱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን ፍለጋ ሱቁን ያምሱታል፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው።

ለካ ወረቀቱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት እዚሁ ሊዮን ከታተመ የፈረንሳይ ነገሥታት ታሪክ የወጣ ቅጠል ኖሯል። ሙሴ ኤሚል ይኸው መጽሐፍ አላቸው። በወጣትነታቸው የገዙት፣ ከሱቁ ሁሉ ለማንም የማይሸጡት እሱን ብቻ ነው። ግን አራት ቅጠል ይጎድለዋል፤ ይህ የአዝሙዱ ከእነሱ አይደለም፤ አራቱን ዕድሜ ልካቸውን ፈልገው አላገኟቸውም። አሁን ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸውም በየወሩ እየደከመ ነው። «ዓይኔ ሳይከዳኝ ሙሉውን አንድ ጊዜ ልየው» ይላሉ።

መቼም ከዚያ ከፈረንጁ ሣጥን የወጣ መሰለኝ። የኑሪ አባት ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የኋላውን ክፍል ያከራዩት አስተማሪ ትቶት የሄደውን ማለቴ ነው። የቀረ ካለ እባክዎ ከእንግዲህ ምንም እንዳይጠቀልሉበት። የጎደሉትን ቁጥሮች በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ቁጥሩ ከገጹ አናት በስተቀኝ ጥግ ይገኛል።

ልጅዎን ኑሪን ሰላም ይበሉልኝ። ሰነፍ ሆኖ ነው ወይስ ኮርቶ የማይጽፍልኝ?

ልጅዎ ሐምዛ


ቦሌ ሚካኤል፣ ኅዳር 29 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምዛ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ከክፉ ዓይንም ከክፉ ብርድም ይሰውርህ። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ከተቀበልኩ ወዲህ የሰው ልጅ «ጻፊልኝ» ብዬ አልለመንኩም። ፊደሏ ጠማማ ነው ብለህ ትስቅ እንደሆን ቁንጥጫዬን አስታውስ።

የአክስትህን ጤና በአንድ መስመር ጠይቀህ ገጹን በሙሉ ስለ መጠቅለያ ወረቀት ጻፍክልኝ። እኔ ደግሞ አዝሙዱ እንዴት እንደጣመህ ልሰማ ስጠብቅ ወለል ላይ ፈሰሰ አልከኝ! ያንን አዝሙድ ከጠጠሩ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ አስጥቼ ነው የላክሁልህ። ለሽማግሌው ንገራቸው።

አዎ፣ የፈረንጁ ሣጥን ነው። ጋዜጣ ሲጠፋብኝ ከእሱ እየመዘዝኩ እጠቀልል ነበር። አላህ ያሳይህ፣ እንዲያ ያለ ወረቀት ዛሬ የት ይገኛል? ጋዜጣ ቅቤ ከነካው አለቀለት። ያኛው ግን ሩብ ኪሎ በርበሬ ይዞ ኦሎምፒያ ደርሶ ቢመለስ አይበሳም። ደንበኞቼ እንኳ «መኪያ፣ በዚያ በጥሩው ወረቀት አድርጊልኝ» ይሉኛል። ይኸው የነገሥታት ታሪክ ሆኖ አረፈው። አሁን ሣጥኑን ቆልፌ ቁልፉን ከአንገቴ አስሬዋለሁ፤ ደንበኛው ሁሉ ደግሞ ምን ወርቅ አገኘች እያለ ያማኛል።

ብዙው በጥቅል አልቋል፣ አፉ በለኝ። ግን ከጻፍክልኝ ቁጥሮች ሁለቱን ከሣጥኑ ሥር አገኘኋቸው። የቀሩትን ሁለቱን እፈልጋለሁ።

ስለ ኑሪ ለጠየቅኸኝ፣ አምና ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄዷል። ያሉት ወደ ሰሜን ነው ይላሉ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ አልደረሰኝም፤ የፖስታ ነገር ይሆናል። አንተም በዱዓህ አትርሳው። ሥራህን ጠንክረህ ሥራ፣ ሽማግሌውንም አታስቀይም።

አክስትህ መኪያ


ሊዮን፣ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ መኪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልብዎን ያጽናልዎ፣ ደጅዎን የደስታ መግቢያ ያድርገው።

የኑሪን ነገር ሳነብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እንዴት ዓመት ሙሉ ሳይነግሩኝ? እኔ ኮርቶብኝ ነው እያልኩ ሳማው ከርሜ አሁን በራሴ አፈርኩ። አላህ በሰላም ይመልስልን፤ ከዚህ ሌላ የምለው አጣሁ።

ቅጠሎቹን በተመለከተ ሙሴ ኤሚል ሁለቱ ተገኙ ስላቸው ጉንጬን ሳሙኝ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ እጃቸውን እንኳ አጥብቀው ጨብጠውኝ አያውቁም። አሁን ደብዳቤ አመላላሹን መንገድ ወጥተው ነው የሚጠብቁት።

ከቀሩት ከሁለቱ አንደኛው ስዕል ያለበት ነው። ምን ዓይነት ስዕል ነው ብላቸው «ጢሙ ደረቱ የደረሰ፣ ዘውድ የደፋ፣ በትረ መንግሥት የያዘ ንጉሥ» አሉኝ። እትዬ፣ አባባ ጢሞ ነው! ጋሽ አብዱልሐሚድ ክፍሉን በሣጥኑ ወረቀት ሲለጥፉ ስዕል ወደምንሰግድበት ወደ ቂብላ አይዞርም ብለው ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የለጠፉት፣ እኔና ኑሪ ቁመታችንን የምንለካበት። የንጉሡን ጫማ የደረስኩ ቀን ሠፈሩን ሁሉ በሩጫ አዳርሼ አልነበር? እንግዲህ የት እንዳለ ስለምናውቅ ድካም የለውም፤ ልጠው ከሌሎቹ ጋር ይላኩልን።

ልጅዎ ሐምዛ


ቦሌ ሚካኤል፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምዛ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። የረመዳን ወር እየመጣ ነው፤ ጾመህ ለማፍጠር የሚያበቃ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ስለ ቆየሁ አትቀየመኝ። ሦስቱን ቅጠል ለወይንሸት ሰጥቻታለሁ። ሦስተኛውን ያገኘሁት ከማን ዘንድ መሰለህ? ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ወልደጊዮርጊስ። አምና እርድ ገዝቶ የወሰደበትን ወረቀት፣ ጠንካራ ነው ብሎ የአንገትጌ ልክ ሊያወጣበት አስቀምጦታል። መቀሱን አንስቶ ሊቆርጠው ሲል ደረስኩ። «አይቆረጥም!» ብዬ ስጮህ ደንግጦ ሜትሩን ጣለ። ነገሩ ሲገባው ግን «የአራት መቶ ዓመት ሽማግሌማ እንዲህ ተጨማዶ አገሩ አይገባም» ብሎ በከሰል ካውያ ተኮሰልህ። እርዱ ግን አልለቀቀም፤ ንጉሥ በቢጫ ቢጻፍ ምን አለበት።

አባባ ጢሞማ ሊያሳስረኝ ነበር። ላጲሶን ታስታውሰዋለህ፣ ድሮ ቆርቆሮ ይጠግን የነበረውን? አሁን የአብዮት ጥበቃ ነው። ለስብሰባ ሊጠራኝ ገብቶ በሩን ከኋላው ሲዘጋ ከንጉሡ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«ወይዘሮ መኪያ፣ ምንድን ነው ይሄ? ባብዮት ዘመን ዘውድ?»

«የኛ እኮ አይደለም፣ የፈረንሳይ ነው» አልኩት።

«ዘውድ ያው ዘውድ ነው።»

«እነሱም አውርደዋቸዋል። አንዱንማ አንገቱን ነው የቆረጡት አሉ።»

ንጉሡን አየው። አንገቱ ላይ ነው የሚያየው። ቆይቶ «እንግዲያው የተራማጅ አገር ንጉሥ ነው» አለና ወደ መውጫው ሄደ። «ግን በሩን ክፍት አድርጊው፤ ክፍት ከሆነ ይሸፍነዋል። ስብሰባ ላይ የሚለፈልፍ አይጠፋም።» ደግ ሰው ነው። የእሱም ልጅ ከኑሪ ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ነው የሄደው።

ንጉሡን ያልላክሁልህ ሙጫው አልላቀቅ ብሎኝ ነው። የኑሪ አባት ዱቄቱን አብዝቶት ነበር። ይቆየኝ።

አክስትህ መኪያ


ሊዮን፣ ሰኔ 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ መኪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ለዒድ በሰላም አደረስዎ።

ሦስቱ ቅጠሎች ደርሰው በየቦታቸው ገብተዋል። ሙሴ ኤሚል ሲገልጧቸው ሦስት ጊዜ አስነጠሳቸው። «ከእንግዲህ ይህን መጽሐፍ ብል አይደፍረውም» ብለው ሲስቁ ዋሉ። እዚህ ታትሞ፣ ባሕር አቋርጦ፣ ቦሌ ሚካኤል በርበሬ ተሸክሞ ተመለሰ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይኸው ነው። የጋሽ ወልደጊዮርጊስን ካውያ ደግሞ ሙያ ነው ብለውታል።

ለሙጫው ዘዴ አለው፤ እኔ በየቀኑ የምሠራው ስለሆነ ልንገርዎ። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክረው በደንብ ይጭመቁና ወረቀቱ ላይ ለጥፈው ጥቂት ይቆዩ። የተቦካ ዱቄት ስለሆነ ይለሰልሳል። ከዚያ ከጥግ ጀምረው ቀስ እያሉ ይላጡት። ለዚሁ የሚሆን ከአጥንት የተሠራ ስስ ቢላዋ በወይንሸት ልኬያለሁ።

እትዬ፣ ላስቸኩልዎ አልፈልግም። ነገር ግን የሽማግሌው የግራ ዓይን ከፋሲካ ወዲህ ጠፍቷል። ቀኙም ጭጋግ ገብቶበታል። አሁን መጽሐፉን መስኮት ድረስ ወስደው፣ ከአፍንጫቸው አስጠግተው ነው የሚያዩት። ከበሩ ጀርባ ማንም የማያየው አንድ ወረቀት ነው። እባክዎ።

ልጅዎ ሐምዛ


ቦሌ ሚካኤል፣ ጥቅምት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምዛ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። አዲሱ ዓመት ለአንተም ለሽማግሌውም የብርሃን ይሁን።

አራት ወር ዝም ያልኩህ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም። ቢላዋውም ደርሶኛል፤ ለፓፓያ ጥሩ ነው።

ሐምዛ፣ ሙጫው አልላቀቅ አለ ያልኩህ ውሸት ነው። ወረቀቱ በጥጉ መነሳት ከጀመረ ቆይቷል። እኔው ነኝ ዱቄት እያማሰልኩ መልሼ የማጣብቀው።

አንተ ያወቅኸው አንተ እስካለህበት ድረስ ያለውን ጭረት ነው። ኑሪ በሄደበት ቀን ጠዋት፣ መኪናው ቀበሌው በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ፣ ጫማውን አውልቆ ከንጉሡ አጠገብ ቆመና «እማዬ፣ ለኪኝ» አለኝ። አባቱ በሚስማር ይጭርላችሁ እንደነበረው እኔም ጫርኩለት። ከዘውዱ ጫፍ በጣት አልፏል። «ንጉሡን በለጥኩት» ብሎ ስቆ ወጣ።

ሰው መንገድ ሲወጣ ቤት እንደማይጠረግ ታውቃለህ። መጥረጊያ ሳልነካ ሰነበትኩ፤ ሙሉነሽ ናት መጥታ «ኧረ ጉድፉ» ብላ የጠረገችልኝ። ያቺን መስመር ግን ማን ይጠርጋታል? ልጁ መንገድ ላይ ሳለ ልኩን ከቤቱ ባወጣ እኔው ራሴ የነቀልኩት ይመስለኛል። አጉል እምነት ነው በለኝ። የመሠረተ ትምህርቷም አስተማሪ እንደዚያ ትለኛለች፤ እሷ ግን ገና አልወለደችም።

ማንም የማያየው ወረቀት አልከኝ። እኔ በየማለዳው ሱቅ ልከፍት ስወጣ በሩን ዘግቼ አየዋለሁ። ማታ ስገባም አየዋለሁ። እንግዲህ ይኸው ነገርኩህ።

ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ክፋት እንዳይመስላቸው። የጎደለ ነገር መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በቀር ማን ያውቅልኛል?

አክስትህ መኪያ


ሊዮን፣ ኅዳር 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ መኪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ የልብዎን ያድርስልዎ።

ከእንግዲህ አባባ ጢሞን አያንሱት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነብኝ፤ አዝሙዱን ያፈሰሰው ሽማግሌው ቢሆንም ያቻኮልኩዎ እኔ ነኝ። አፉ ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ቃል በቃል ተርጉሜ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ «ንጉሡ ሥራ ላይ ነው፤ ሥራውን ይጨርስ» አሉ። በቦታው ነጭ ቅጠል አስገብተናል። ለእርስዎ ሰላምታ አቅርብልኝ ብለዋል፤ ስለ ፈሰሰው አዝሙድም ይቅርታ ጠይቀዋል። ዓመት አልፎትም ቢሆን ጠየቁ።

ኮትዎ ኪስ ውስጥ የሚገባ የሱፍ ሻርፕ ልኬያለሁ፤ አንገትዎን ይሸፍኑበት። ከኑሪ ወሬ በመጣ ቀን ለሌላ ጉዳይ ሳይሆን ለእሱ ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሐምዛ


ቦሌ ሚካኤል፣ ሰኔ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምዛ፤

አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ! ሌላ ሰላምታ አልጽፍም።

ኑሪ መጣ። ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ለጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሚስት ጨው ስመዝን አንድ ከሲታ ወታደር በሱቁ መስኮት አጎንብሶ «በጥሩው ወረቀት አድርጊልኝ» አለኝ። ሚዛኑን ለቀቅሁት። የሆነውን አላውቅም፤ ሠፈሩ በእልልታ ተናውጦ ነው የነቃሁት። ላጲሶ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የእሱ ልጅ ደህና ነው፣ ኑሪ በዓይኑ አይቶታል። በግ የገዛልን ላጲሶ ነው።

ኑሪ ቀኝ እግሩ ተመትቶ ሆስፒታል ሰንብቷል፤ አሰናብተውታል። አጥንቱ ገጥሟል፣ ያነክሳል እንጂ ይሄዳል። የቀረውን ራሱ ይንገርህ።

*ሐምዛ ወንድሜ፤ ኑሪ ነኝ። እማዬ ነገሩን ሁሉ አጫወተችኝ። ለአንድ ንጉሥ እኛ ስንት እንደምንዋጋ ፈረንጁ ቢያውቅ! ጫማዬን አውልቄ እንደገና ቆምኩና ለካችኝ። እጇ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር መስመሩ ትንሽ ሄድ መጣ ብሏል። ከዘውድ ወርጄ ግንባር ላይ ነኝ። እግሬ በሁለት ጣት አጥሯል፣ ንጉሡም በለጠኝ። ደግነቱ አንተ ጢሙ ላይ ነህ፤ አሁንም አልደረስክብኝም። ወረቀቱን እንዳልከው በሙቅ ጨርቅ ራሴ ላጥሁት። እማዬ ቆማ «ቀስ! ጥጉን ቀስ!» እያለች ጆሮዬን በላችው። ውሰደው፤ እኔ ከእንግዲህ በአካል አለሁላት።*

ሐምዛ፣ በቦታው ጋዜጣ ለጥፊበት ቢሉኝ እንቢ ብያለሁ። ጭቃው ባዶውን ይቆይ። አንተም መንገድ ላይ ነህና መጥተህ ትለካበታለህ።

እናትህም አክስትህም መኪያ


ሊዮን፣ ነሐሴ 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ መኪያና ለወንድሜ ለኑሪ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ደስታችሁን የማይጎድል ያድርገው። ደብዳቤውን መንገድ ላይ እየሄድኩ አንብቤ ድልድዩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፊ አግዳሚው ሰው ሞቶብኝ መስሎት ኮፍያውን ሲያነሳልኝ ነበር።

ያልነገርኳችሁ አለ። የሙሴ ኤሚል ዓይን ከጥር ጀምሮ ጨርሶ አያይም። እትዬ ያዝኑብኛል ብዬ ደበቅሁ። ስለዚህ ቅጠሉን ይዤ ስገባ ከበሩ ላይ ቆምኩ። «መጣ» ስላቸው ግን እንደ ልጅ እጃቸውን ዘረጉ።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼላቸው ጣታቸውን ከንጉሡ ጫማ አስጀመርኳቸው። ስዕሉ በተቀረጸ እንጨት የታተመ ሆኖ ጥቂት ስለሚጎረብጥ ጢሙን ለዩት፣ ዘውዱን ለዩት። ከዚያ ጣታቸው ጠርዙ ላይ ያሉትን ጭረቶች አገኘ። ብል የበላው መስሏቸው ደነገጡ። አይደለም፣ የሚስማር ነው አልኳቸው። እንዲህ ያለውን ጉዳት እርጥብ አድርጎ ተጭኖ ማጥፋት የእኔ ሥራ ነው፤ ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ወረቀቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ይልቅ አስነብበኝ» አሉ።

ከታች ጀመርን። «ይህ ማነው?» እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያው ዓመት። «ይህስ?» ኑሪ። «ይህ?» እኔ፣ ከአገር የወጣሁበት ወር። «ከዘውዱ በላይ ያለው?» ኑሪ፣ የሄደበት ጠዋት። ጣታቸው ተመልሶ ወረደና ግንባሩ ላይ ሄድ መጣ ያለችውን መስመር አገኘ።

«ይቺ ከሁሉም አዲስ ናት። የማን ናት?»

«ኑሪ ሲመለስ፣ እናቱ የጫረችለት» አልኳቸው።

ጣታቸውን ከዚያ መስመር ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ «አሁን ሙሉ ነው» አሉና መጽሐፉን ራሳቸው ዘጉት።

ባዶውን ቦታ ጠብቁልኝ።

ሐምዛ